የሙዚቃ ቴራፒስት መሆን እፈልጋለሁ። ሐረር ነኝ፣ ከየት ልጀምር?

ክራር_ከሸዋበር (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። የሙዚቃ ዲግሪ አለኝ። ዋናው መሣሪያዬ ክራር ነው፣ ኪቦርድም እሠራለሁ። በሳምንቱ ቀናት ልጆች አስተምራለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ላይ እጫወታለሁ።

ከተማሪዎቼ አንዱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ነው። በቃል ብዙም አይግባባም። ክራር ሲይዝ ግን ሌላ ልጅ ይሆናል። ዜማውን ግማሽ ላይ ሳቆምበት ይጨርሰዋል። ዝግ ስል ዝግ ይላል። የሰው ፊት አይቶ ተራውን ሲጠብቅ ያየሁት እዚህ ብቻ ነው ትላለች እናቱ። ከዚያ በኋላ ስለ ሙዚቃ ሕክምና ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ፣ ሥራዬ ይሄ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ሐሳቤ ተምሬ እዚሁ ታካሚ እያየሁ መሥራት፣ ቆይቶ ደግሞ ሐረርና ድሬ ላይ ሌሎችን ማስተማር ነው። አገር ውስጥ በዚህ ስም ዲግሪ የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ ፈልጌ አላገኘሁም። ውጭ መሄድ የግድ ነው? ኦንላይን የሚሰጡት ሰርተፍኬቶች ያዋጣሉ? ሆስፒታል ይቀጥራል? የምታውቁ ንገሩኝ።

የከዚራ_ልጅ

ዋሪያ፣ ሐሳብህ ደስ ይላል፣ በርታ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። እኛ አገር ሙዚቃ ሲያሳርፍ የኖረ ነው። ሳኦልን ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገና እየደረደረ ያሳርፈው ነበር። ጀጎል ውስጥ ዝክሪ፣ የሐረሪዎች መንፈሳዊ ዜማ ማለቴ ነው፣ ሲባል፣ ከበሮውና የእንጨት ማጨብጨቢያው አብሮ ሲመታ፣ ተጨንቆ የመጣ ሰው ቀሎት ወደ ቤቱ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ይሄን እያወቀ ያደገ ልጅ ፈረንጅ አገር ሄዶ ወረቀት ካላመጣ አይሆንም ማለት ልክ ነው? እኔ እጁ ይበቃል ባይ ነኝ።

ድሬ_ተወልጄ

ሳቢያን ነው ያደግኩት። አሁን አሜሪካ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የሙዚቃ ቴራፒስት ነኝ። በሳምንት የተወሰነ ቀን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፣ ሆስፒታል ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችንም እከታተላለሁ። ስለዚህ ጥያቄው የእኔው ነው፣ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ ለከዚራ ልጅ። በገናውም ዝክሪውም ያሳርፋል ያልከው እውነት ነው፣ ማንም አይነጥቅህም። ግን ይሄ ሙያ እንዴት እንደተወለደ እይ። ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በኋላ አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎች በቆሰሉና በተረበሹ ወታደሮች ተሞሉ። ሙዚቀኞች እየሄዱ ይጫወቱላቸው ነበር። ሐኪሞቹ ለውጥ አዩና ሙዚቀኞች ይቀጠሩልን አሉ። እነዚያ ሰዎች እጃቸው የተፈታ ሙዚቀኞች ነበሩ። ያልነበራቸው ነገር ሌላ ነው። አንድ ወታደር መሐል ላይ ማልቀስ ሲጀምር ይቀጥሉ ወይስ ያቁሙ? ሌላው ተቆጥቶ ሲነሳስ? ያንን ያስተማራቸው አልነበረም። ስለዚህ ሥልጠና መጣ። ዛሬ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ተቋም በ1944 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ትምህርት ተጀመረ፣ ብዙም ሳይቆይ ካንሳስ ቀጠለ። እጅ አይበቃም የሚለው ነገር የመጣው ከራሱ ከሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ ነው እንጂ ወረቀት ከሚወዱ ሰዎች አይደለም።

አሁን ወደ አንተ፣ ወንድሜ። እዚህ አሜሪካ ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል። ሙዚቃው አለ፦ ድምፅ፣ ጊታር፣ ፒያኖ፣ ከበሮ። አጨዋወቱ ግን እንደ ኮንሰርት አይደለም፣ ታካሚው በጀመረበት ድምፅ እዚያው በዚያው ቀይረህ መከተል መቻል አለብህ። ከዚያ አናቶሚ፣ ሥነ ልቦና፣ የአእምሮ ሕመሞች፣ ጥናት ማንበብና መሥራት አለ። ከዚህ ሁሉ ጋር 1200 ሰዓት በክትትል ሥር ከታካሚ ጋር መሥራት ግዴታ ነው። ከዚያ የቦርድ ፈተና አለ። ካለፍክም በኋላ ፈቃዱ የሚታደሰው በየ5 ዓመቱ ነው፣ ለማደስ ደግሞ በመሃል መማርህን ማሳየት አለብህ።

የሰዓቱ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚያልፈው እሱን ነው። ክትትል ማለት አለቃ መጥቶ ፈረመልህ ማለት አይደለም። ተማሪዬ ከታካሚ ጋር የሠራችውን በፈቃድ ትቀርጻለች፣ አብረን ቁጭ ብለን እናያለን። እዚህ ጋ እጁ ከበሮው ላይ ሲቆም አንቺ ለምን ቀጠልሽ? ይሄን ዘፈን ለእሱ ነው የመረጥሽው ወይስ አንቺ ስለምትችዪው? ዝምታው ሲረዝም ምን ተሰማሽ? እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳምንት በሳምንት ሲጠየቅ ሙዚቀኛው ቀስ እያለ ቴራፒስት ይሆናል። ለዚህ ነው ቪዲዮ አይተህ፣ የምርጫ ጥያቄ መልሰህ የምታገኘው ሰርተፍኬት የማያዋጣህ። ለእውቀት ውሰደው። በእሱ ግን ታካሚ አትቀበል።

ነርስ_ሐረር

ድሬ ተወልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ ሐረር አንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ሙዚቃ ክፍላችን ውስጥ ሁልጊዜ አለ፣ ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ አይዘጋም። እሱ ሕክምና አይደለም፣ አንዳንዴ እንዲያውም ጭንቀት ነው።

አንድ ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ሙዚቀኞች መጡ። ደግ ልጆች ናቸው፣ ከልባቸው ነው የመጡት። ታካሚዎቹ ደስ እንዲላቸው ብለው የሠርግ ዘፈን አነሱ። አብዛኛው ሰው አጨበጨበ፣ የተነሣም ነበር። አንዲት ሴት ግን ጥጉን ይዛ መንቀጥቀጥ ጀመረች። በኋላ እንደነገረችኝ ዘፈኑ የሞተው ወንድሟ ሠርግ ላይ የተዘፈነ ነው። ልጆቹ ፕሮግራማቸውን ጨርሰው አመስግነው ሄዱ። ያቺ ሴት ግን ሌሊቱን ሙሉ ከእኔ ጋር ነበረች። ከልጆቹ ማንንም አልወቅስም። ማንም ቀድሞ አልነገራቸውም፣ ከመካከላቸው እሷን ያያትም አልነበረም። ሙዚቃ ጉዳት የለውም የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይቺን ሴት ነው የማስበው።

ክራር ከሸዋበር፣ አንተን ላስፈራራህ ብዬ አይደለም። እንዳንተ ያለ ሰው ክፍላችን ውስጥ ቢኖር ምኞቴ ነው።

ድሬ_ተወልጄ

ነርስ ሐረር፣ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ይሄንኑ ነው። ያዘነ ሰው ዘንድ ገብተህ የሠርግ ዘፈን አትጀምርም። መጀመሪያ እሱ ያለበትን ስሜት በድምፁ ልክ፣ በፍጥነቱ ልክ ታገኘዋለህ። ዝግ ካለ ዝግ ብለህ፣ ትዝታ ከሆነ በትዝታ። አብራችሁ ከሆናችሁ በኋላ ነው ቀስ በቀስ ወደ ሌላ የምትወስደው፣ ያውም እሱ ከፈለገ። ይሄ መርሕ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። ስታነበው ቀላል ይመስላል፣ በተግባር ግን ዓመታት ይፈጃል።

ማስረጃ ለሚፈልግ ደግሞ፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የሚባለው ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ስለ ድብርት ያሉትን አይቷል። የሙዚቃ ሕክምና ከተለመደው ሕክምና ጋር ሲጨመር ምልክቶቹን በአጭር ጊዜ ውስጥ ይቀንሳል ነው የሚለው። ሲጨመር የሚለውን አስምሩበት። መድኃኒት የሚያስጥል ሰው ካጋጠማችሁ ራቁት።

እናት_ድሬ

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ልጄ ኦቲዝም አለባት። ከተማችን ውስጥ አንድ ሰው በሙዚቃ አክማለሁ ብሎ በወር ይቀበለኝ ነበር። ሥራው ጆሮ ማዳመጫ አድርጎላት ቁጭ ማድረግ ነው። በጥቂት ወር ታወራለች አለኝ። ልጄ ጩኸት አትወድም፣ ማዳመጫውን እየወረወረች ታለቅሳለች፣ እሱ ትለምደዋለች ይላል። ከወንድሜ ተበድሬ ነበር የምከፍለው። ተውኩት። ግን ሙዚቃውን ትታዋለች ማለት አይደለም፣ ቤት ውስጥ እኔ ሳንጎራጉር መጥታ ጉልበቴ ላይ ትቀመጣለች። ታዲያ እንደ እኔ ያለ ሰው እውነተኛውን በምን ይለያል?

ድሬ_ተወልጄ

እናቴ፣ በጣም አዝናለሁ። እንግሊዝ አገር ሳይመዘገቡ የሙዚቃ ቴራፒስት ነኝ ማለት በሕግ ያስቀጣል፣ ስሙ ጥበቃ አለው። እንዲህ ያለ ጥበቃ በሌለበት መጠየቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ።

የት ተማርክ፣ ማን ተከታተለህ ብለሽ ጠይቂው። እውነተኛው አይቆጣም፣ ደስ ብሎት ይነግርሻል። ሙዚቃ ከመጀመሩ በፊት ልጅቷን አጥንቶ ከአንቺ ጋር ግብ ያስቀምጣል፣ እንደ ተራ መጠበቅ፣ ዓይን ማየት፣ ለቅሶ ሲመጣ ራሷን ማረጋጋት ያለ። በየጊዜው መዝግቦ ያሳይሻል። ትድናለች ብሎ ቃል አይገባም። ልጅ እያለቀሰች ደግሞ አይቀጥልም፣ በፍጹም። ጉልበትሽ ላይ ስትቀመጥ የምታንጎራጉሪላትን አታቋርጪ፣ ፍጥነቱን እሷ ትምራው።

ፊዚዮ_ድሬ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ከስትሮክ በኋላ የሚራመዱ ሰዎች ላይ ምት እንጠቀማለን፣ ከሙዚቃ ቴራፒስቶች የመጣ ዘዴ ነው። ሰውየው በደቂቃ ስንት እርምጃ እንደሚራመድ ትቆጥራለህ። ምቱን በዚያው ልክ ታስጀምራለህ። እግሩ ከምቱ ጋር ሲገጥም ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ታፈጥነዋለህ። እኔ በስልክ ሜትሮኖም፣ እኩል ምት በሚመታ መተግበሪያ፣ ነው የምሠራው፣ ይሠራል። ግን አባባ የሚያውቁት ጭፈራ ከበሮው ሲመታ እግራቸው የሚሄድበትን መንገድ ሜትሮኖም አይሰጠኝም። አብሮኝ የሚቆም ሙዚቀኛ ባገኝ የእኔም ሥራ ይቀየራል። ሙቀቱ ሳይጀምር በጠዋት ነው የምንሠራው፣ ከሰዓት ድሬ ላይ ታካሚ አይመጣም።

የጀጎል_ልጅ

አባቴ ስትሮክ ካገኘው በኋላ ቃል አልወጣው አለ። የሚያስገርመው ነሺዳ፣ መንፈሳዊ ዜማውን፣ ከነግጥሙ ይላል! ውሃ ስጪኝ ማለት ያልቻለ ሰው ረጅም ግጥም ሳይሳሳት ይወጣዋል። ምክንያቱን የሚነግረን አጥተን ስንጨነቅ ነበር። ሌላው ነገር አባቴ የሙዚቃ መሣሪያ ቤታችን እንዲገባ አይወድም። ክራር ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር በሩን አይከፍትለትም። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?

ድሬ_ተወልጄ

በሩን ባይከፍት መብቱ ነው። መሣሪያ ግዴታ አይደለም፣ ድምፅ ይበቃል። የሚያንጎራጉር ድምፅና መዳፍ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ይዤ የገባሁበት ክፍል ብዙ ነው።

ንግግር በብዛት የሚመራው ከአንጎል ግራ ጎን ነው። ዜማ ደግሞ ቀኙንም በደንብ ያሠራል። ግራው ሲጎዳ ቃሉ ይታሰራል፣ ዘፈኑ ግን ሊተርፍ ይችላል። ይሄን ይዘው በ1973 አሜሪካ ውስጥ አንድ ዘዴ አወጡ። የዕለት አረፍተ ነገርን፣ ልክ እንደ «ውሃ ስጪኝ» ያለውን፣ በዜማ እያሉ በግራ እጅ ምቱን መምታት፣ ከዚያ ዜማውን ቀስ በቀስ እያነሱ ወደ ንግግር መመለስ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበረችው ጋብሪኤል ጊፈርድስ በ2011 ጭንቅላቷን በጥይት ከተመታች በኋላ ንግግሯን ስታገግም የሙዚቃ ሕክምና አግዟታል። ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም። ግን የአባትሽ ነሺዳ በር ነው፣ የንግግር ባለሙያ ካገኛችሁ በመጀመሪያው ቀን ንገሯት።

የድሬና የሐረር ልጅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ አንዱ አልጋ ላይ መንዙማ የሚያውቅ፣ ቀጥሎ መዝሙር፣ ቀጥሎ የአሊ ቢራን ዘፈኖች በቃሉ የያዘ፣ በሩ ጋ ደግሞ ሶማሊኛ ብቻ የሚሰማ ሰው ይተኛል። እዚህ ተማሪዎቼን የማያውቁትን ሰው ሙዚቃ እንዴት እንደሚማሩ ለማስተማር ወራት ይፈጅብኛል። እኛ ሰፈር ውስጥ ስንጫወት ነው የሰማነው። ለሥልጠናው ግማሽ ሀብት እዚያው አለ።

ሰው_ኃይል_01

ስለ ሥራው ማንም ስላልመለሰለት እኔ ልበል፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ላይ ነው የምሠራው። የመንግሥት ሆስፒታል ሰው የሚቀጥረው የሥራ መደብ ሲኖር ነው። መደቡ ከሌለ ዳይሬክተሩ ቢወድህ እንኳ ደመወዝ የሚከፍልህ መስመር የለም። ብልሃቱ መደብ ያለው ሙያ ላይ መቆም ነው። ሳይኮሎጂ፣ ልዩ ፍላጎት ትምህርት፣ ሳይካትሪ ነርሲንግ፣ እንዲህ ያለ። በእሱ ትገባለህ፣ የሙዚቃ ሕክምናውን በዚያ ውስጥ ትሠራለህ፣ ውጤትህን እየመዘገብክ ታስቀምጣለህ። መደብ ይከፈት ብሎ መጠየቅ የሚቻለው ያን ጊዜ ነው፣ በእጅህ የምታሳየው ሥራ ሲኖር።

ክራር_ከሸዋበር

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ልክ ናችሁ፣ አሁን ባለሁበት ራሴን ቴራፒስት ብዬ አልጠራም። ውጭ መማሩን ግን አልተውኩትም። አሜሪካ ከሁሉም ውድ ነው፣ የቀረበ አለ? ሌላው፣ ለመሥራት የሚበቃ ትምህርት ለማስተማርም ይበቃል?

ድሬ_ተወልጄ

ለእኛ ቀረብ የሚለው ደቡብ አፍሪካ ነው። ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ ሕክምና የሁለት ዓመት ማስተርስ አለው፣ ተመራቂውም በአገሪቱ የጤና ሙያተኞች ምክር ቤት ይመዘገባል። የአፍሪካ ከተማ ውስጥ፣ ብዙ ቋንቋ ባለበት፣ ገንዘብ በሚያጥርበት ቦታ የሚሠራ ትምህርት ስለሆነ እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጽፈው እዚያ ነው። እንግሊዝም በማስተርስ ነው። እዚያ ተማሪው ራሱ በትምህርቱ ጊዜ ቴራፒ እንዲወስድ ይጠየቃል፣ የራስህን ቁስል ታካሚው ላይ እንዳታወርድ። አሜሪካ ከመጣህ ደግሞ የሙዚቃ ዲግሪ ስላለህ ከዜሮ አትጀምርም፣ የጎደሉትን ኮርሶችና ልምምዱን ብቻ የምትሞላበት መንገድ አለ። ሁሉም ቦታ ስትጫወት ያያሉ። ሁሉም ቦታ ከሰው ጋር ሠርተህ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ለማስተማሩ ግን አይበቃም፣ እዚህ ላይ ጠንከር ልበል። ተመርቆ በቀጥታ አስተማሪ መሆን በዚህ ሙያ አይመከርም። እዚህ የትምህርት ክፍል የሚመራ ሰው ማስተርስ ብቻ ሳይሆን ከታካሚ ጋር የሠራባቸው ዓመታት ይጠየቃል። እኔም ሆስፒታሉን ያልለቀቅኩት ለዚህ ነው። ዛሬ ጠዋት ያስቸገረኝን ነገር ከሰዓት ክፍል ይዤ እገባለሁ፣ ስም ሳልጠራ። ተማሪ ያልጠበቅኩትን ሲጠይቀኝ ደግሞ በማግሥቱ አልጋው አጠገብ እሞክረዋለሁ። ሁለቱን መያዝ ያደክማል፣ ክፍያውም እንደ ድካሙ አይደለም። ታካሚ ማየት ካቆሙ የቆዩ መምህራን ግን ቀስ በቀስ የሚያስተምሩት ትዝታቸውን ይሆናል። ዕቅድህ አሥር ዓመት ይፍጀው፣ ግን ሁለቱንም እግር አትንቀል።

እስከዚያ ለአሁኑ አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ኖርዶፍ አሜሪካዊ አቀናባሪና ፒያኒስት ነበር፣ ሮቢንስ የልዩ ፍላጎት መምህር። በ1959 እንግሊዝ ውስጥ አብረው ከልጆች ጋር መሥራት ጀመሩ። አንዱ ፒያኖ ላይ፣ አንዱ ከልጁ ጎን። እያንዳንዷን ሰዓት በቴፕ ቀድተው ደጋግመው ያዳምጧት ነበር። ዛሬ በስማቸው የሚጠራ ትልቅ የሥልጠና መንገድ ከዚያ ነው የወጣው። አንተ ፒያኒስቱ ነህ እንበል። ሮቢንስህን ፈልግ። ብቻህን አትጀምር።

የከዚራ_ልጅ

ድሬ ተወልጄ፣ እጁ ይበቃል ያልኩትን አንስቻለሁ። ነርሷ የነገረችን ሴት ከራሴ አልወጣ አለች። ዝክሪው ላይ ግን አልለቅም አቦ፣ ቀን ሲመጣ የሐረር ሥልጠና ከተከፈተ ሽማግሌዎቹም መምህር ሆነው ይግቡ።

ድሬ_ተወልጄ

ይግቡ እንጂ! ያለ እነሱ ምኑን የሐረር ሆነ።

ነርስ_ሐረር

ክራር ከሸዋበር፣ ክፍል ኃላፊያችንን አነጋገርኩልህ። እንደ ቴራፒስት ሳይሆን እንደ ሙዚቀኛ፣ ከእኔና ከሳይኮሎጂስታችን ጋር ሆነህ በሳምንት አንድ ጠዋት ብትገባ አይቃወምም። ቅድመ ሁኔታ አለው። የማመልከቻ ደብዳቤ ታስገባለህ፣ የታካሚ ምስጢር ለመጠበቅ ትፈርማለህ፣ ስልክ አውጥቶ መቅረጽ የለም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ክራር አታመጣም፣ ተቀምጠህ ታያለህ። ከእያንዳንዱ ቀን በኋላ ሦስታችን ቁጭ ብለን እናወራለን።

ክራር_ከሸዋበር

ደብዳቤውን ነገ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ። እናት ድሬ፣ የእኔ ተማሪ የሚማርበት ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት መምህርት አለች፣ አብረን ለመሥራት ዛሬ ጠይቄያት እሺ ብላለች። ልጅሽን ይዘሽ ሐረር ብቅ ማለት ከቻልሽ መጀመሪያ እሷ ትያት። ገንዘብ አንቀበልም፣ ሕክምናም አንለውም።

እናት_ድሬ

እመጣለሁ ልጄ። ሚኒባስ ውስጥ ጩኸት ስለሚያስቸግራት ሰው ሳይበዛ በጠዋት ነው የምነሣው። መምህርቷ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ትገኛለች?

ክራር_ከሸዋበር

ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ። ዓርብ ይሻላል፣ ግቢው ጸጥ ይላል።

ፊዚዮ_ድሬ

እኔስ ሙዚቀኛ አላገኘሁም እኮ። ድሬ ውስጥ ከበሮ የሚመታ፣ ሶማሊኛና ኦሮምኛ የሚያዜም፣ በጠዋት መነሣት የማይከብደው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።